ደጀኔና የግድቡ ጭቃ

ያን ቀን የገዛሁት ዓሣ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር። የገና ጾም ከገባ ወዲህ ደብረ ብርሃን ጠባሴ መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ወጣቶች ብቅ ብቅ ብለዋል። ከመካከላቸው ሙሉቀን የሚባለውን አውቀዋለሁ፤ ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው እዚህ መጠለያ ውስጥ ከሚኖሩት ገበሬዎች አንዱ ነው። አሁን መሬት የለው፣ በሬ የለው፤ ከጓደኞቹ ጋር ከጫጫ ወረድ ብሎ ካለው ግድብ ዓሣ እያወጣ ቤተሰቡን ይመግባል። ጎረቤቶቼ በጾም ዓሣ መብላቴን አይወዱልኝም። እኔም አልከራከራቸውም፤ በሬን ዘግቼ እበላለሁ። ቤት ገብቼ ሳጥበው ነው ሽታው የወጣው። ሎሚ ጨመቅሁበት፣ በጨው አሸሁት፣ ወይ ፍንክች። ባለቤቴ ደጀኔ ከመኝታ ቤት በዝግታ እየተራመደ መጣና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አሸተተ። «ግድቡ ጎድሏል» አለ።

ልቤ ዘለለች፤ በደስታ ነው። ደጀኔ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነገር ይጠፋዋል። ቁልፍ፣ መነጽር፣ የሰው ስም መጥፋቱስ የሁላችንም ዕጣ ነው። እሱ ግን ሰሞኑን እኔንም ይስተኝ ጀምሯል። አንድ ቀን ምሳውን ካበላሁት በኋላ «እግዜር ይስጥልኝ፤ የቤቱ ባለቤት ግን የት ሄደች?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ሐኪም ያዘዘለት ኪኒን አለ፤ ልጃችን ሂሩት ከአዲስ አበባ ትልካለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ቀድሜ ፊቱን አያለሁ፤ ዛሬ ሚስቱ ነኝ ወይስ እንግዳ እያልኩ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ዓሣ አሽትቶ የግድቡን ሁኔታ ሲናገር መስማት ለኔ ትንሽ ነገር አልነበረም። ደግሞም አልተሳሳተም። ውኃ ሲጎድል ዓሣው ሁሉ ወደ አሮጌው ወንዝ መሄጃ ይሰበሰባል፤ እዚያ በደፈረሰው ውኃ ውስጥ ተፋፍጎ ስለሚሰነብት ሥጋው ጭቃ ጭቃ ይላል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

ወደ ማምሻው ሙሉቀን እሱ ዘንድ ረስቼው የመጣሁትን ዘንቢል ይዞልኝ መጣ። ተባረክ ብዬ አስገባሁት። እኔ ጓዳ ሽር ጉድ ስል ደጀኔ ያነጋግረዋል። ውኃው እንዲህ ከሸሸ እንዴት ትደርሱበታላችሁ ብሎ ይጠይቀዋል። ሙሉቀንም ማለዳ መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን በእግራቸው እንደሚገቡ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ዓሣው ስለሚነቃቃ እስከ ረፋዱ እንደሚቆዩ ነገረው። ደጀኔ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንዲህ መሆኑ አዲስ ነገር ስላልሆነ እኔም ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ ስነቃ ጎኔ ባዶ ነው። ግቢው ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል። የታኅሣሥን ውርጭ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ላዩ መስታወት ይሠራል፤ የጎመን ቅጠል እጅ ሲነካው እንደ ገል ይሰበራል። በውርጩ ላይ የደጀኔ ጫማ ዱካ ከበራፋችን ተነሥቶ ወደ ዋናው መንገድ ይሄዳል። ካፖርቱ ከሚሰቀልበት ችንካር ላይ የለም። ጥጉ ላይ ዳቦ የምትሸጠው ልጅ አይታዋለች። ጋሼ ለብቻቸው ወደ ጫጫ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈሩ፣ እርስዎ የላኳቸው መስሎኝ ዝም አልኩ አለችኝ።

ጫጫ ካለች ግድቡ ጋ ነው። ውኃው ሸሽቷል፣ ጭቃው ወጥቷል፤ እሱ ደግሞ እግሩ የማይታዘዝለት፣ ቀኑን የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ያ ጭቃ አንድ ጊዜ ሊውጠው ደርሶ ከአፉ የወጣ ሰው ነው። እኔን የረሳ ሰው ያንን ላለመርሳቱ ምን ዋስትና አለኝ? ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ለሂሩት ደወልኩላት። «እማዬ፣ በናትሽ ፖሊስ ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። ፖሊስ እስኪመጣ ፀሐይ ትወጣለች ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሚኒባስ ሲቸኩሉበት አይሞላም። ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻ እያለ ስንት አንድ ሰው እንደ ጫነብን እንጃ። በመስኮቱ በኩል የማያልቁትን ፋብሪካዎች፣ አጥሩን፣ ቆርቆሮውን እያየሁ ነበር የምሄደው፤ ልቤ ግን በሌላ መኪና ተሳፍራ ወደ ሌላ ጫጫ ትሄድ ነበር። ያኔ በዚህ መንገድ የምንሄደው ቅጥቅጥ በምንላት አውቶቡስ ነው። ያኔ ስል መቼ ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። መንግሥት ተለውጦ አጠራሩን ገና ሳንለምደው፣ ወንዱ ሁሉ ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሱሪ ለብሶ መንገድ የሚጠርግበት፣ እኛም ጸጉራችንን አፍሮ አበጥረን በር ለማለፍ አንገታችንን የምንደፋበት ዘመን ነበር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ይጠጣል። በስሙኒ የሚገዛው ዳቦ ለሁለት ሰው ይበቃል። ደሴና አሰብ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ጫጫ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሹፌሮቹ ሞተሩን ሳያጠፉ ይወርዳሉ፣ ምክንያቱም በዚያ ብርድ ካጠፉት ለማስነሣት ሰፈሩ ሁሉ ይገፋ ነበር። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣው ዘፈን ከሞተሩ ጩኸት ጋር ተደባልቆ ነው የምንሰማው፤ ዛሬም አንዳንዱን ዘፈን ያለ ሞተር ድምፅ ስሰማው አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

እኔ በዚያ መንገድ ዳር ዓሣ ሻጭ ነበርኩ። ኋላ ላይ መምህርት ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ማስተማሬን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር በጾም ወራት ጠዋት ጠዋት ከእትዬ ሸዋዬ ጋር ግድቡ ድረስ እንወርዳለን። ዓሣውን ከአጥማጆቹ ተቀብለን፣ በቃጫ ሰክተን፣ ጫጫ አውጥተን ለሹፌሮችና ለመንገደኛ እንሸጣለን። እትዬ ሸዋዬ ነፍሷን ይማርና አንደበቷ እንደ በርበሬ ነበር። ሹፌር ዋጋ ሲያሳንስባት «አንተ እንኳን ዓሣ፣ ውኃውም አይገባህ» ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ ይከፍላል። የአካባቢያችን ሰው ግን ዓሣ አይቀምስም። አባቴ ከሰላ ድንጋይ የመጣ ደረቅ ባላገር ነው፤ ዓሣን የውኃ ትል እያለ ይጠራዋል፤ የሸጥኩበትን እጄን በአመድ ሳልታጠብ ማዕዱ ላይ አያስቀርበኝም።

ደጀኔ ያኔ ከአጥማጆቹ ሁሉ መለሎው፣ ከሁሉም ደግሞ መሳቂያው ነበር። መሳቂያ የሆነው በመረቡ ነው። እናቱ የበግ ፀጉር እየፈተለች ለአልጋ የሚሆን ባና ትሠራ ነበርና፣ የናይለን ገመድ ከመርካቶ ማስመጣት ሲከብደው ለምን ከሱፍ አልሠራም ብሎ ተነሣ። ክረምቱን ሙሉ እናትና ልጅ እሳት ዳር ተቀምጠው መረብ ሠሩ። ያማረ መረብ ነበር ይባላል። ታዲያ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ሁሉ ጠጣና እንደ እርጉዝ በግ ከበደ። ሦስት ሰው ጎትቶ ሲያወጣው ውስጡ አንድ ዓሣ የለም። ሽታው ግን እስከ ጫጫ ይጣራል። ዓሣዎቹ በግ ገባብን ብለው ሸሹ እያልን ስንት ጊዜ እንደሳቅንበት። እሱም አብሮን ይስቃል። መሳቁን እወድለት ነበር፤ ያኔ ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእትዬ ሸዋዬ እንኳ። እሷ ግን ሳልነግራት ታውቅ ነበር።

ከዚያ ክረምቱ የከዳን ዓመት መጣ። ዝናቡ በነሐሴ ቀጥ አለ፤ የገና ጾም ሲገባ ግድቡ ግማሹን ያህል ባዶ ሆኖ ነበር። ውኃ ሲያንስ ዓሣ ያንሳል የሚል ሰው ግድብ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ይትረፈረፋል። ሰፊው ውኃ ላይ ተበትኖ የነበረው ሁሉ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ስለሚሰበሰብ መረብ መጣል ከጎተራ እንደ መዝገን ይሆናል። ችግሩ መድረሻው ነው። በዳርቻውና በውኃው መካከል ሰፊ ጭቃ ይቀራል፤ ከላይ ሲያዩት የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገንፎ ነው። ጀልባ አይገፋበትም፣ ሰው አይራመድበትም። መረብ የጣለም ቢሆን ድሮ ተውጠው የነበሩ የእርሻ ካቦችና የዛፍ ጉቶዎች እየወጡ ይቦጭቁበታል። እኛ ሻጮቹ ዳር ቁጭ ብለን፣ ባዶ ዘንቢላችንን ታቅፈን፣

ግድቡም ሸሸ ዳርቻውን ጥሎ፣
ምን ይዞ ይመጣል ጭቃ ላይ ውሎ

እያልን አጥማጆቹን እናበሽቃቸው ነበር።

የደጋ ሰው ግን መላ አያጣም። ማለዳ ውርጩ የጭቃውን ቆዳ ያጠነክረዋል። ከፀሐይ በፊት የተነሣ ሰው እግሩን ሳያነሣ መሬቱን እየጠረገ ከሄደ ይሸከመዋል። ከኋላው ጀንዲ፣ ያ የሚተኛበት የበሬ ቆዳ፣ በገመድ ይጎትታል፤ ዓሣውን እሱ ላይ ጭኖ ይመለሳል። ሕጉ አንድ ነው፦ ውርጩ ሳይለቅ መውጣት። ፀሐይዋ ማዶ ያለውን ጋራ ጫፍ ስትነካ መረብ ይሰበሰባል፤ ዓሣ ቢኖርም ባይኖርም ይሰበሰባል። ከእኛ አገር ውጭ ይህን የሚያደርግ ሰው መኖሩን አላውቅም፤ ሌላው አገር እንዲህ ያለ ብርድም እንዲህ ያለ ሞኝነትም ያለው አይመስለኝም።

ያን ጠዋት ሌሎቹ ሁሉ ወጡ። ደጀኔ ቀረ። ዓሣው በዝቶበት፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ልጣል፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ልጣል ሲል ፀሐይዋ ግድቡ ውስጥ ገባች። ተመልሶ ግማሽ መንገድ እንደ ደረሰ አንድ እግሩ ሰመጠ። እሱን ሊነቅል ሲል ሌላው ሰመጠ። መጀመሪያ ስቀናል፤ እሱም ስቋል። ጭቃው ጭኑ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። ከዳር ያሉት ወንዶች ገመድ ወረወሩ፣ አልደረሰም። አንዱ ሊሄድለት ቢሞክር እሱንም ጎትተው አወጡት። ጀንዲው ረጥቦ እንደ ጨርቅ ተጣጥፏል። የውርጭ ጭቃ ሲቀልጥ ድምፅ አለው፤ ቀስ እያለ እንደሚፈላ ሽሮ ይንፈቀፈቃል። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ አልወደውም። በዚያ ቅጽበት ነው መቀነቴን የፈታሁት። አረንጓዴ መቀነት ነበር፤ እናቴ ለዓመት በዓል ያሸመነችልኝ፣ ወገቤን ዞሮ ዞሮ የማያልቅ። እትዬ ሸዋዬም ፈታች፤ ሌሎቹም ሴቶች ፈቱ። ጫፍና ጫፉን ቋጠርነው። መጨረሻው ላይ ለክብደት ብለን አንድ ትልቅ ዓሣ አሰርንበትና ወንዶቹ ወረወሩት። ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በሦስተኛው ደጀኔ ዓሣውን በሁለት እጁ ቀለበው። ወንድ ሴት ሳንል ተያይዘን ጎተትነው፤ እንደ ጥርስ ነቅለን አወጣነው። አንዲት ሴት ጋቢ ጣለችበት። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ያለ መቀነት፣ ቀሚሴ እንደ ጆንያ ተንዘርፍፎ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ደስታችን ሳይበርድ ወሬው ጫጫ ደረሰ። ያልተዳረች ልጅ በወንዶች መካከል መቀነቷን ፈታች፤ ያውም ለዓሣ አጥማጅ። ሰው ከሞት መትረፉን ያነሣ የለም። አባቴ ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ደጀኔ የተዋሰውን ቴትሮን ሱሪ ለብሶ፣ በረባሶውን ወልውሎ፣ ሽማግሌዎች አስከትሎ ደጃችን ቆመ። አባቴ ብዙ ነገር ተናገረ፤ የውኃ ትሉንም አነሣ። በመጨረሻ ግን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውኃ ሲጎድል ውርጭ አምኖ ጭቃ ላይ እንዳይወጣ እንዲምልለት። ደጀኔ በሽማግሌዎቹ ፊት ማለ። መሐላውንም ጠብቆ ኖረ። ግድቡ ሲሞላ በጀልባ ያጠምዳል፤ ሲጎድል ቤት ተቀምጦ ከእናቱ የተማረውን ባና ይሠራል። የሠራው ባና ዛሬም አልጋችን ላይ ነው። እኔም በበጋ በበጋ ሳልሰጋ እንቅልፌን ተኝቼ ኖርኩ። አሁን ግን መሐላውን አስታውሶ የሚጠብቀው ሰው የትኛው ነው? የምሳውን ሰዓት የሚረሳው?

ጫጫ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች። አንድ ባጃጅ አቆምኩና ወደ ግድቡ አልኩት። ልጁ ሁኔታዬን አይቶ ዋጋ አልተከራከረም፤ እንዲያውም መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ አልመጣሁም ነበር። አፋፉ ላይ ስንደርስ ያየሁት የማውቀውን ግድብ አይደለም። ውኃው መሐል ላይ ሆኖ እንደ ተጣለ ነጠላ ቀጭን ሆኗል፤ ዙሪያው ግራጫ ጭቃ ነው። ድሮ ወደ ውኃ ውስጥ ይገባ የነበረው የእግር መንገድ ተገልጦ ወጥቷል። ወፎች እዚህም እዚያም ሰፍረው ይለቅማሉ። ሽታውም ያው የትናንት የወጥ ቤቴ ሽታ ነው።

ከዚያ ካፖርቱን አየሁት። ጭቃው ላይ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ተዘርግቶ ተኝቷል። ሰው ውስጡ የለም። አጠገቡ የተገላበጡ ጆንያዎች አሉ፤ ጭቃው ተቦክቷል። ከባጃጁ እንዴት እንደ ወረድኩ አላስታውስም። «ደጀኔ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ነፋሱ ግን ድምፄን ወደ ኋላ መለሰው። ቁልቁለቱን ስንደረደር የባጃጁ ልጅ ክንዴን ያዘኝ። በሕይወቴ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ በዚያች ቁልቁለት ላይ ግን ወደ ራሴ ለቅሶ የምሄድ መሰለኝ። እንደ እብድ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ቁርሱን ሳይበላ ነው የወጣው የሚል ነበር።

ሳቅ የሰማሁት ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ነው። ወጣቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ሆነው ይስቃሉ። በሳቁ መካከል አንድ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ ይሰማል። ቀረብ ብዬ ቆምኩ። ደጀኔ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ የሰው ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ሙሉቀንና ጓደኞቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ከበውታል። ጀርባቸው ወደ እኔ ስለነበር ማንም አላየኝም። ነገሩን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። ደጀኔ ሲደርስ ልጆቹ ውኃው ዳር ነበሩ። ቆሞ ውጡ፣ ፀሐይዋ ጋራውን ነክታለች ብሎ ጮኸባቸው። እነሱም ከሙሉቀን በቀር የማያውቁት ሽማግሌ ለምን እንደሚቆጣቸው ግራ እየገባቸው፣ ለሽበቱ ሲሉ ወጡ። የመጨረሻው ሙሉቀን ነበር። ዳር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እግሩ ሰመጠ። ደጀኔ ካፖርቱን አውልቆ ጣለለት፣ ጆንያዎቹንም አስጣለለት፤ ሙሉቀንም በእነሱ ላይ በሆዱ ተኝቶ እየተሳበ ወጣ። እሱ የመጣበት አገር ሞቃት ነው፤ ውርጭ መሬትን አበድሮ መልሶ እንደሚወስድ ከየት ይወቅ?

«አባባ፣ እርስዎስ እንዴት ወጡ ታዲያ?» አለ ሙሉቀን።

«እኔማ ሞቼ ነበር» አለ ደጀኔ። ነገሩን ሁሉ ተረከላቸው። ጀንዲውን፣ የዘገየበትን ምክንያት፣ የመቀነቱን ቀለም ሳይቀር፤ አረንጓዴ አለ። እኔ ከቋጥኙ ኋላ ቆሜ በእጄ አፌን ይዣለሁ። ቀጠለና ከዳር ያለው ሰው ሁሉ ሲጮህ ምንም እንዳልሰማ፣ የሰማው የአንዲት ልጅ ስድብ ብቻ እንደ ነበር ነገራቸው። አዲስ ቴትሮን ሱሪ ነበር የለበስኩት አለ፤ ጭቃው ሱሪዬን ይዞ አልለቅም አለኝ፣ እኔም ሱሪዬን አልለቅም አልኩ። «ልጅቷ ያንን መቀነት እየቋጠረች ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? አንተ ደንቆሮ፣ ሱሪውን ተውለትና አንተ ና!»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ይህን እኔ ረስቼው ነበር። እውነት ለመናገር፣ ጋቢ ለምን እንደ ተጣለበት አልፌ የጻፍኩትም ላከብረው ብዬ ነው፤ እሱ ከተናገረው ግን ምን ላድርግ። ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ሱሪ የተዋሰውም ለዚሁ ነበር።

«ከዚያስ ልጅቷ?» አለ አንዱ።

«አስካለን ነው? አገባኋታ። ቤት ናት አሁን» አለ ደጀኔ። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና ጸጉሩን አከክ አደረገ። «ሳልነግራት ነው የወጣሁት። ተነሥታ ስታጣኝ እንዴት ትቆጣ ይሆን።»

ስሜን በአፉ ከሰማሁ ሰንብቷል። ከማለዳ ጀምሬ፣ እንዲያውም ከክረምት ጀምሬ፣ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜው የነበረ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። ነገ ሊረሳኝ ይችላል፤ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላም ሊረሳኝ ይችላል። በመንገድ ላይ ሳወርድበት የመጣሁትን የስድብ ዓይነት ሁሉ ፈለግሁት፤ አንዱም የለም። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁና ከቋጥኙ ኋላ ወጣሁ።

«ተቆጥቻለሁ» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ልጆቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ደጀኔ ግን አልተነሣም፤ የለበሰውን ብርድ ልብስ ከፈት አድርጎ፣ በተቀመጠበት ፀሐይ ላይ ጠጋ አለልኝ።